ድስቱ ይሰበር ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። ሙስሊም ጎረቤቴ ለድግስ የሸክላ ድስቴን ተውሳኝ፣ አጥባ መለሰችልኝ። ዓርብ ዕለት ሽሮ ሠራሁበት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ልጄ ጋር ግማሹን ከበላን በኋላ ወጡ ላይ ቅቤ ተንሳፍፎ አየሁ። አማቴ «ጾሙ ፈርሷል፤ ወጡ ይደፋ፣ ድስቱ ይሰበር፣ እናንተም መቶ መቶ ስገዱ» አሉ። እሑድ ልንቆርብ አስበን ነበር፤ ፈርቼ ቀረሁ፣ ልጄንም አስቀረሁት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ልጁን ማስቀረትሽ ልክ አልነበረም። ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን የጾም ግዴታ የለበትም። ዓርብ ወተት ቢጠጣ እንኳ እሑድ ከመቁረብ አያግደውም።

እናንተን በተመለከተ፣ ጾም የፈቃድ ሥራ ነው። ሰዓቱን ጠብቃችኋል፤ ቅቤ መኖሩንም አላወቃችሁም። ጥፋት የሚሆነው ካወቁ በኋላ «አንዴ ፈርሷል» ብሎ ወጡን ጠርጎ መብላት ነው። ያኔ እጅን ሰብስቦ በጎመን ወይም በቆሎ ቢሆን ምሳን መጨረስ ይበቃል። ነገር ግን ከቁርባን ራስሽን ማገድም ሆነ ራስሽን መፍታት የአንቺ ድርሻ አይደለም፣ የነፍስ አባትሽ ነው። እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው 18 ሰዓት ለመጾም ከቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አፉን ይዘጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ነገር ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ነግረሻቸው ማደር ነው። «ሳላውቅ ቅቤ ቀመስሁ» ለማለት ረጅም ንግግር አያሻም። መቶውን ስግደት አማትሽ በፈቃዳቸው ቢሰግዱት በረከት ነው፤ ቀኖና አድርገው ማዘዝ ግን አይችሉም።

ወጡም አይደፋም። ጌታችን አምስት ሺሁን ካበላ በኋላ ፍርፋሪው እንኳ እንዳይጠፋ አሰብስቧል። ለልጁ ይሰጥ፤ የቀረው ቅዳሜ ጠዋት ደኅና ተንተክትኮ ይበላል።

አማትሽ «ይሰበር» ያሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። ዘሌዋውያን 11፥33 ርኩስ የሆነ ተንቀሳቃሽ የወደቀበትን የሸክላ ዕቃ ስበሩት ይላል። ቅቤ ግን ርኩስ አይደለም። ርኩስ ቢሆን ኖሮ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ላይ ምን እንጨምር ነበር? ረቡዕ አይሁድ በጌታ ላይ የመከሩበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት ቀን ስለሆነ ነው ቅቤውን የምንተወው። በማግስቱ ያው ቅቤ ምግብ ነው። ድስቱ የሙስሊም ቤት ስለገባም ጸበል ይረጭበት ማለት አይገባም። ቤተ ክርስቲያናችን የምትለየው የእርዱን ሥጋ ነው፤ የገበያውን ቅቤማ የማን ላም እንደ ሰጠችው ጠይቀሽ አታውቂም።

ታዲያ ታጥቦ ለምን ቅቤ ወጣው? ሸክላ ለዐይን የማይታይ ብዙ ቀዳዳ አለው፤ ቅባቱን ይጠጣል። በቀዝቃዛ ውኃ ላዩ ቢጠራም ውስጡ የቀረው እሳት ሲሞቀው ቀልጦ ወደ ወጡ ይወጣል። ጎረቤትሽ በደንብ አጥባዋለች፣ ግን ሸክላ ነው። እንዲህ አድርጊ፦ የተነፋ አመድ ሁለት እፍኝ ጨምሪና ድስቱን ውኃ ሙዪው። በዝግታ እሳት ግማሽ ሰዓት ያህል አፍዪው። አመዱ ቅባቱን እንደ ሳሙና አድርጎ ይፈታዋል። በፈሳሽ ሳሙና ግን አትጠቢው፤ ሸክላ ሳሙናም ይጠጣና ሽሮሽ ሳሙና ሳሙና ይላል። እዚያው ይቀዝቅዝ፣ በትኩሱ ቀዝቃዛ ውኃ ከነካው ይሰነጠቃል። ደፍተሽ በንጹሕ ውኃ ድገሚው፣ ፀሐይ ላይ አድርቂው። በመጨረሻ ንጹሕ ውኃ አፍልተሽ ላዩን ተመልከቺ። አሁንም የሚያብለጨልጭ ነገር ከታየ አትድከሚ፣ ያ ድስት የፍስክ ይሁን።

ለጾሙ ሌላ ግዢ። አዲሱን ስታሟሺው በቅቤ ሳይሆን በኑግ ወይም በጎመን ዘር ይሁን፤ መጀመሪያ የጠጣውን ለዓመታት ይዞ ይኖራልና። ሁለቱ እንዳይምታቱ የጾሙ ጆሮ ላይ ክር እሰሪበት። ብረት ድስት ከሆነ ይህ ሁሉ የለም፣ ሙቅ ውኃና ሳሙና ይበቃዋል።

ጎረቤትሽን ምንም አትያት። ለሠርግም ለሐዘንም የክርስቲያኑንና የሙስሊሙን ለይቶ ማሰናዳት የምታውቅ የወሎ ሴት ናት፤ በሚቀጥለው ጊዜ የፍስኩን ድስት አውሺያት፣ ባለ ክሩን «የጾም ነው» ብትያት ይገባታል። ማማሰያውንም አትርሺ። እንጨት እንደ ሸክላ ቅቤ ይጠጣል፣ ብዙ ሰው ድስቱን ለይቶ የሚሳሳተው በእሱ ነው።