ልጄ ጥርሱን አላስቦርሽም ይላል፦ የዛሬ ማታ ጥያቄና መልስ ከሲስተር ጋር

ሲስተር፦ ሰላም ወላጆች። በቃሌ መሠረት ዛሬ ማታ የሕፃናት ጥርስ ጥያቄ እመልሳለሁ። ለአዲሶች፣ በጥርስ ክሊኒክ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከልጆች ጋር ነው። ሁለት ነገር ልለምናችሁ። የልጁን ዕድሜ ጻፉ። ማታ ከመተኛቱ በፊት የመጨረሻ የሚበላውን ወይም የሚጠጣውን ጻፉ።

የመንታዎቹ እናት፦ መንታ ሴቶች አሉኝ፣ 2 ዓመት ከ3 ወር። አንዷ ታስቦርሻለች። ሌላዋ ብሩሽ ስታይ አፏን ግጥም ታደርጋለች፣ ትነክሳለች፣ ታለቅሳለች። አባቷ «ተያት፣ ስታድግ ራሷ ትቦርሻለች» ይላል። ማታ እራት በልተው ይተኛሉ።

ሲስተር፦ ከአባቷ ልጀምር። የሁለት ዓመት ልጅ ጥርሷን ራሷ መቦረሽ አትችልም። ብሩሹን ታኝካለች፣ የጥርስ ሳሙናውን ትልሳለች፣ አለቀ። የጫማዋን ክር በደንብ ማሰር እስክትችል፣ ማለትም እስከ ሰባት ዓመት አካባቢ፣ የሚቦርሸው እጅ የናንተ ነው።

አሁን ወደ አያያዙ። ብዙ ሰው ልጁን መታጠቢያ ቤት አቁሞ ከፊት ለፊት ይመጣበታል። ልጁ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ወላጅ ይከተላል፣ ጠብ ይሆናል። አንቺ አልጋ ላይ ተቀመጪ። ልጅቷን አጋድሚያት፤ ጭንቅላቷ ጭንሽ ላይ ይሁን፣ ፊቷ ወደ ጣሪያ። በሌባ ጣትሽ ጉንጯን ከውስጥ ገለጥ አድርጊ። ጣትሽ በጉንጯና በድዷ መካከል ስለሆነ አትነክስሽም። የኋላ መንጋጋዋ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። ብሩሹን ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ላይ አድርገሽ በቀስታ አዙሪው። መፈተግ የለም።

በጣም ከታገለችሽ አባቷን ጥሪ። ሁለት ወንበር፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ። ልጅቷ ወደ አንቺ ዞራ ወገብሽን በእግሮቿ ትቀፍ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተጋድማ ጭንቅላቷ አባቷ ጭን ላይ ይረፍ። አንቺ እጆቿን ያዢ፣ እሱ ይቦርሽ። ክሊኒክ ውስጥ ትንንሾቹን የምናየውም እንዲሁ ነው። ዓይኗ ያንቺን ፊት እያየ ስለሆነ ፍርሃቷ ይቀንሳል።

እኔ ከልጆች ጋር ሀ ሁ እላለሁ። «ሀ» ስትል አፏ ወለል ይላል፤ መንጋጋዋን ቦርሺ። «ሁ» ስትል አሳርፊያት፣ ምራቋን ትዋጥ። «ሂ» ስትል የፊት ጥርሶቿ በሙሉ ይገለጣሉ። ከሀ እስከ ሆ፣ ከዚያ ለ ሉ ሊ። በሳምንት ውስጥ ፊደሉን ራሷ ትጀምርልሻለች። እህቷ ቀድማ ታስቦርሽ፣ እሷ ትይ። ብሩሹን ደግሞ ራሷ ትምረጥ፤ ሁለት ቀለም አሳዪያት።

ብታለቅስም አታቋርጪ። ግማሽ ደቂቃም ቢሆን ቦርሺ፣ ከዚያ እቀፊያት። ነገ ትንሽ ትጨምሪያለሽ፤ መድረሻችን ሁለት ደቂቃ ነው። አትቆጪ። «ካልቦረሽሽ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሻል» የሚለውን ቃል ደግሞ እባካችሁ ሁላችሁም ተዉት። ያ ልጅ እኔ ጋ ሲመጣ ገና በር ላይ ይንቀጠቀጣል።

እንግዲህ ዛሬ ደጋግሜ የምለው ይህን ነው፦ ከማታው ብሩሽ በኋላ ወደ አፍ የሚገባው ውሃ ብቻ ነው።

አዲስ አባት፦ ሲስተር፣ ልጄ ጥርሱን አያስቦርሽም። ምን ይሻላል?

ሲስተር፦ ዕድሜው? ማታ ምን ይጠጣል? ከላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።

ሠራተኛ እናት፦ የትኛው ኮልጌት ይሻላል? ስንት ይደረጋል?

ሲስተር፦ ስም አልመርጥም። ካርቶኑ ላይ ፍሎራይድ 1000 ፒፒኤም ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይሁን። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ የምታህል ቅብ። ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ የምታህል። ቲዩቡ ልጁ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ትርፉን ይትፋ እንጂ በውሃ አይጉመጥመጥ።

ከሪያድ፦ ልጄ አገር ቤት ከእናቴ ጋር ነው፣ 2 ዓመት ከ8 ወር። በቪዲዮ ሳየው የላይ የፊት ጥርሶቹ ድዱ ጋ ጠቁረዋል። እናቴ ማታ አጥሚት በስኳር በጡጦ ትሰጠዋለች፣ ይዞ ይተኛል። ብሩሽ እምቢ ስላላት ትታዋለች። ሩቅ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ እህቴ፣ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ይህንን ሁሉም ሰው ቁጭ ብሎ ያንብብ፣ ምክንያቱም ክሊኒክ ውስጥ በየቀኑ የማየው ነው።

ስንተኛ ምራቃችን ይቀንሳል። ቀን ላይ ምራቅ ስኳሩን ያጥበዋል፣ ባክቴሪያ የሚሠራውን አሲድ ያበርደዋል። ሌሊት ይህ ጥበቃ የለም ማለት ይቻላል። ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ የተኛ ልጅ የላይ የፊት ጥርሶቹ ጣፋጭ ውስጥ ተነክረው ያድራሉ። የታቹን ምላሱ ይሸፍንለታል። ለዚህ ነው የላይኞቹ ጠቁረው የታችኞቹ ነጭ ሆነው የምናየው። ከንፈር አንስቼ ያንን ሳይ ገና ሳልጠይቅ የማታ ጡጦ ትዝ ይለኛል። አጥሚት ብቻ አይደለም። በስኳር የተበጠበጠ ወተት፣ ሻይ፣ ጁስ፣ ሁሉም ያው ነው። የወተት ጥርስ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ጉዳቱ ቶሎ ወደ ውስጥ ይገባል።

እናትሽን አትቆጫት። ልጁን የምታሳድግልሽ እሷ ናት፣ አጥሚቱንም የምትሰጠው እንዲጠነክር ብላ ነው። እንዲህ በያት፦ አጥሚቱ አይቅር፣ በእራት ሰዓት በኩባያ ይጠጣ። ስኳሩ ይቅር። ከዚያ ይቦረሽ። ጡጦውን በአንድ ቀን መንጠቅ ካስቸገራት በየማታው ውሃውን እያበዛች አጥሚቱን ትቀንስ፤ በሳምንት በአሥር ቀን ውሃ ብቻ ይሆናል።

ሪያድና እኛ ሰዓታችን አንድ ነው። ሥራሽ ከፈቀደልሽ ማታ 2 ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደውዪ። አንቺም ብሩሽሽን ያዢ፣ አብራችሁ ቦርሹ። እናቱ በስልክ አፏን ከፍታ ሲያያት እሱም ይከፍታል። የጠቆረው ግን በብሩሽ አይመለስም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው። ድዱ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለው ነገውኑ።

ጡት የማጠባ፦ የእኔ 14 ወሯ ነው፣ ሌሊት ጡት ትጠባለች። እሱም ይቁም?

ሲስተር፦ ጡት አታስጥያት። ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይመከራል። ነገር ግን ከዓመት በኋላ ሌሊቱን ሙሉ በየሰዓቱ መጥባት ጥርስን ሊጎዳ ይችላል። ከመተኛቷ በፊት ቦርሻት፣ ጡት አፏ ውስጥ ይዛ እንዳታድር፣ የሌሊቱን ቁጥር ቀስ በቀስ ቀንሺ።

የሐዋሳው አባት፦ እኔ አንድ ነገር ልበል። አያቶቻችን ብሩሽ አያውቁም ነበር። በወይራ መፋቂያ ፍቀው ጥርሳቸው በረዶ ነበር። ለልጆቻችንም መፋቂያ ማስለመድ ይሻላል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ)፦ አያቶቻችን እኮ ከረሜላና ጁስ አልነበራቸውም። መፋቂያው ብቻ አይደለም ያዳናቸው።

የሐዋሳው አባት፦ ማር አልነበራቸውም? ጠጅስ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ማር በየቀኑ አልነበረም። የእኔ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ ቦርሳዋ ውስጥ የማገኘውን ጣፋጭ ብታይ!

እማማ፦ ልጆቼ፣ እኔ 68 ዓመቴ ነው፣ መንጋጋዬን ያወጣሁት በመፋቂያ እየፋቅሁ ነው። አትጨቃጨቁ።

ሲስተር፦ እማማ፣ ይባርክዎት። መፋቂያ ለአዋቂ በደንብ ከተጠቀሙበት ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። ለሁለት ዓመት ልጅ ግን ጫፉ ድድ ይወጋል፣ ይዞ ሲሮጥ ከወደቀ ደግሞ ጉሮሮውን ይጎዳል። ለትንሽ ልጅ ለስላሳ ብሩሽ። ወደ ጥያቄ እንመለስ።

ከዝዋይ፦ እዚህ የብዙ ልጆች ጥርስ ቡናማ ነው። ፍሎራይድ ነው ይላሉ። ታዲያ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ለ3 ዓመት ልጄ ልስጥ?

ሲስተር፦ ጥሩ ጥያቄ። በስምጥ ሸለቆ፣ ዝዋይ፣ ወንጂ፣ መተሐራ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይዱ ብዙ ቦታ ከፍተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ቡናማው ቀለም የሚመጣው ቋሚው ጥርስ ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ፣ በልጅነት፣ በሚዋጥ ፍሎራይድ ነው። ዋናው ምንጭ የሚጠጣውና ወጥ የሚሠራበት ውሃ ነው። ውሃ ማፍላት ደግሞ ፍሎራይድ አያጠፋም። ውሃው ስለሚተን እንዲያውም ይከማቻል። የምትጠጡት ውሃ መመርመሩን ጠይቂ። ሳሙናውን እዚያው የሚያውቃችሁ የጥርስ ሐኪም ይወስን፣ እስከዚያ የሩዝ ፍሬዋን አትለፊ፣ መትፋትም አስተምሪው።

አዲስ አባት፦ ይቅርታ ሲስተር። 3 ዓመቱ ነው። ማታ ወተት በጡጦ ይጠጣል። ግን የወተት ጥርስ ይረግፋል አይደል? ለምን እናስጨንቀዋለን?

ሲስተር፦ ይህን ጥያቄ ባገኘሁት ቁጥር እመልሳለሁ፣ ዛሬም እመልሳለሁ። የፊቶቹ በ6 እና በ7 ዓመት ይረግፋሉ። የወተት መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት አፉ ውስጥ ይቆያሉ። ዘጠኝ ዓመት በተቦረቦረ ጥርስ ይብላ? ያለ ጊዜው ከተነቀለ ጎረቤቱ ቦታውን ይገፋበታል፣ ቋሚው ተጣሞ ይወጣል። ደግሞም በ6 ዓመት ገደማ ከኋላ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳይረግፍ ስለሚመጣ ወላጅ የወተት ይመስለዋል። እሱ የዕድሜ ልክ ጥርስ ነው። ጡጦውን በተመለከተ ለሪያዷ እህታችን የጻፍኩትን አንብብ። ከማታው ብሩሽ በኋላ ውሃ ብቻ።

ስም አይጠቀስ፦ የእኔ የጥበብ ጥርስ ያመኛል፣ ይነቀል?

ሲስተር፦ ሳላይ አልናገርም። ሐኪም ጋ ሂድ።

የ7 ወር እናት፦ ተቅማጥና ትኩሳት ይዞታል። ጎረቤቴ «የወተት ጥርስ ነው፣ ባለሙያ አለች፣ ታውጣለት» አለችኝ። ነገ ጠዋት ልትወስደን ነው።

ሲስተር፦ አትሂጂ። እባክሽ አትሂጂ። የሌላውን ጥያቄ ሁሉ አቆይቼ ይህን እጽፋለሁ።

ድዱ ላይ አበጠ ብለው የሚያሳዩሽ ነገር ገና ያልወጣ ክራንቻ ጥርስ ነው። ትል አይደለም፣ በሽታ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፣ ምግብም ይጀምራል። ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ድዱን በስለት ሲቆፍሩት ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ሊይዘው ይችላል፣ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል። ክራንቻው ሳይወጣ የቀረ፣ ወይም ተጣሞ የወጣ ትልቅ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቱ ስታለቅስም አይቻለሁ።

ጡት አብዝተሽ አጥቢው፣ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት) ጀምሪ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ከደከመ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ስትል በብሩሽ እንጀምራለን። አሁን ግን ሆዱ ይቅደም።

የ7 ወር እናት፦ እሺ ሲስተር። ባለቤቴን ቀሰቀስኩት፣ እየሄድን ነው።

ሲስተር፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሲመለስ ጻፊልኝ።

የመንታዎቹ እናት፦ ሲስተር፣ አሁን ጭኔ ላይ አጋድሜ ሞከርኩ። ሀ ሁ ሂ ድረስ ሄደችልኝ፣ ከዚያ አለቀሰች። ግን ከንፈሯን ሳነሳ ድዷ ጋ እንደ ኖራ ነጭ የሆነ መስመር አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ ቦረሽኩት፣ አልለቀቀም። እህቷ የላትም።

ሲስተር፦ ጎበዝ፣ በጊዜ አየሽው። ያ የመቦርቦር መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ጥርሱ ማዕድኑን ሲያጣ መጀመሪያ እንዲያ ነጭ ይሆናል። ገና ስላልተቦረቦረ ሊመለስ ይችላል። ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና እዚያ መስመር ላይ ቦርሺ። በዚህ ሳምንት ለጥርስ ሐኪም አሳዪያት፣ ፍሎራይድ ይቀቡላታል። በቀን ውስጥ በየመሀሉ የምትቀምሰው ብስኩት ካለ ከምግብ ሰዓት ጋር ብቻ አድርጊው። ነገ ማታ ደግሞ ከሂ ቀጥዪላት።