ከሳንባ ማክሮፋጅ የሚቆጠረው ባክቴሪያ ለምን ይዋዥቃል?

ጠያቂያችን ከአይጥ ሳንባ በእጥበት ያወጧቸውን ማክሮፋጆች (ባክቴሪያን ውጠው የሚገድሉ የመከላከያ ሴሎች) በኒሞኮከስ (የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ) ካስያዙ በኋላ በ4ኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ኮሎኒ (ሕያው ባክቴሪያ ሳህን ላይ ሲዘራ የሚበቅል ክምችት) አንድ ቀን ብዙ፣ ሌላ ቀን ጥቂት እንደሚሆንባቸው ገልጸው፣ ቁጥሩ ያነሰበትን ቀን «ሴሎቹ ባክቴሪያውን ገደሉት» ማለት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ ልምድ አይቻልም፤ ያ ቁጥር ብቻውን ሴሎቹ ብዙ ውጠው ብዙ መግደላቸውን ወይም ከመጀመሪያውም ጥቂት መዋጣቸውን ለይቶ አያሳይም። ከሴሉ ውጭ የቀረውን ባክቴሪያ በአንቲባዮቲክ አጽድተው እንዳጠቡ ወዲያውኑ ሴሎቹ ካሉባቸው የመሞከሪያ ሳህን ጉድጓዶች በተወሰኑት ውስጥ ሴሎቹን በሳሙና መሰል ፈሳሽ አፍርሰው የወጣውን ባክቴሪያ ይቁጠሩ፤ የኋላው ቁጥር የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው።

ጄንታማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ለዚህ ሥራ የተመረጠው ወደ ሴል ውስጥ በቀላሉ ስለማይዘልቅ ነው፤ ይሁንና ኒሞኮከስ የሚመደብባቸው ስትሬፕቶኮከሶች ብቻውን ሲሰጥ ስለሚቋቋሙት ፔኒሲሊን ይጨመርበታል። የተጠቀሙበት መጠን በቂ መሆኑን ማክሮፋጅ በሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ይፈትሹ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው፦ አንድ ጊዜ ማክሮፋጆቹን ያሳደርኩበት ሚዲየም (የሴል ማቆያ ፈሳሽ) ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተባሉ አንቲባዮቲኮች ነበሩበት፤ ማለዳ የደም አጋሩ (ባክቴሪያ የሚዘራበት ማብቀያ) ላይ አንድም ኮሎኒ ሳጣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሴል ያልነበረበት ጉድጓድ የተዘራበት ሳህንም እንደዚያው ባዶ መሆኑን እስካይ ድረስ። ከዚያ ወዲህ ከማስያዜ በፊት አንቲባዮቲክ በሌለው ሚዲየም ሦስቴ አጥባለሁ።

ባክቴሪያውም ራሱ ያታልላል። ኒሞኮከስ ዕድገቱ ጣሪያ ሲደርስ በራሱ ኢንዛይም ስለሚፈርስ፣ የብርሃን መለኪያው ደግሞ የሞተውን ከሕያው ስለማይለይ፣ ለአንድ ማክሮፋጅ 10 ባክቴሪያ ጨመርኩ ያሉበት ቀን የጨመሩት ከዚያ እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ያስገቡትን ባክቴሪያ በየሙከራው ዘርተው ይቁጠሩ። ካፕሱል (የውጭ መከላከያ ሽፋን) ያለው ዝርያ ከሆነ ደግሞ ያለ ሴረም (ከደም የሚለይ ፈሳሽ) በቀላሉ አይዋጥም፤ ሴረሙን ከቀየሩ ውጤቱም አብሮ ይቀየራል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን የማክሮፋጆቹን ሞት ነው። ኒሞላይሲን የተባለው መርዝ የሴሉን ሽፋን ይበሳል፤ ሴሉ ሲቀደድ አንቲባዮቲኩ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ያገኛቸዋል፣ የተቀደደው ሴልም በእጥበት ይሄዳል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ያን ጊዜ የሞተው ማክሮፋጁ ሆኖ ሳለ ገዳይ ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ በ4ኛው ሰዓት ከማፍረስዎ በፊት አንድ ጉድጓድ በትራይፓን ብሉ (የሞቱ ሴሎችን ሰማያዊ የሚያደርግ ቀለም) ቀብተው በማይክሮስኮፕ ይዩት፤ ሰማያዊ የሆኑት ከበዙ የዚያን ቀን ቁጥር አይጠቀሙበት።