ለወንድሜ እሮጣለሁ፣ ለራሴ ግን ስምንት ወር
ሐኪምዎን ይጠይቁ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። አላገባሁም። ከእናቴና ከሁለት ታናናሾቼ ጋር ነው የምኖረው፤ የቤቱ ወጪ አብዛኛው በእኔ ላይ ነው። ሰው ሁሉ «ጎበዝ ናት» ይለኛል። እኔ ግን ራሴን አልወደውም። ሥራ ላይ ትንሽ ከተሳሳትኩ ሌሊቱን ራሴን ስሰድብ ነው የማድረው። ሰው ሲያመሰግነኝ አፍራለሁ። ቤት ውስጥ የምበላው ሁሉም ከበሉ በኋላ ነው፣ ያውም ቆሜ። ጥርሴን ካመመኝ ስምንት ወር አለፈው፤ ከፋርማሲ ማስታገሻ እየገዛሁ እውላለሁ። ታናሽ ወንድሜን ግን ትንሽ ሲያስለው ይዤው ክሊኒክ እሮጣለሁ።

ጓደኛዬ ቲክቶክ ላይ አይታ «ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመሽ ‹ቆንጆ ነሽ፣ እወድሻለሁ› በዪ» አለችኝ። ሦስት ቀን ሞክሬ ባሰብኝ። የምዋሽ መሰለኝ። እናቴ ደግሞ ራስን መውደድ ትዕቢት ነው ትላለች። ራስን መውደድ ይለመዳል? ወይስ በልጅነት ካልመጣ ቀረ ማለት ነው? እንደ ልጅዎ ቆጥረው አንቺ እያሉ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ልቤን የያዘው ጥርስሽ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ስምንት ወር የቆየ የጥርስ ሕመም ብቻውን አይድንም። ብዙ ጊዜ መበስበሱ ወደ ጥርሱ ነርቭ ደርሷል ማለት ነው። አንዳንዴ ሕመሙ ድንገት ጥፍት ይልና ሰው «ተሻለኝ» ይላል። ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ኢንፌክሽኑ ግን ከሥር ሥራውን ይቀጥላል። ፊትሽ ወይም አንገትሽ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍሽን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ማስታገሻውም ያሳስበኛል። የትኛውን እንደምትወስጂ አልነገርሽኝም። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሆነ፣ ለወራት ሲወሰዱ ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ፣ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ፓራሲታሞል ከሆነ ደግሞ ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል። ለጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ፣ በላይ አይወሰድም። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ካየሽ ጨጓራሽ እየደማ ሊሆን ይችላልና ሳትውይ ሳታድሪ ታከሚ።

ራስን ስለ መውደድ ጠይቀሽኝ ስለ ጥርስ የማወራሽ ጥያቄሽን ስለዘነጋሁት አይደለም። እስቲ ልጠይቅሽ። ወንድምሽን እንደምትወጂው በምን ታወቀ? ሲያስለው ትሮጫለሽ። መብላት አለመብላቱን ትጠይቂያለሽ። ሲፈራ ታበረታቺዋለሽ። እሱ ያስቀየመሽ ቀን እንኳ ምሳውን አትነፍጊውም። ለእሱ ያለሽ ፍቅር በአያያዝሽ ውስጥ ይታያል። ለራስሽ ሲሆን ግን መጀመሪያ ስሜቱ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ። በሥራዬ ብዙ ጊዜ ያየሁት የተገላቢጦሹን ነው። አያያዙ ይቀድማል፣ ስሜቱ እያዘገመ ይከተላል። ለዚህ ነው «ይለመዳል ወይ?» ላልሽው ሳላመነታ አዎ የምልሽ።

አሁን ወደ መስታወቱ። ጓደኛሽ ለበጎ ነው የነገረችሽ። አንቺ ላይ የደረሰው ግን ያለ ነገር ነው። ካናዳ ውስጥ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆነችው ጆአን ዉድ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመችው ጥናት ይህንኑ ነው የመረመረው። ተሳታፊዎቹ «ተወዳጅ ሰው ነኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለራሳቸው እንዲደጋግሙ ተደረገ። ድሮም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ጥቂት ደስ አላቸው። ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት የነበራቸው ግን ጭራሽ ከፋቸው። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። አንድን ነገር ሳታምኚበት ስትናገሪው ልብሽ ውስጥ ተከራካሪ ይነሳል። «የታለ ቁንጅናው? የታለ ፍቅሩ?» እያለ ማስረጃ ይቆጥርብሻል። ስለዚህ አንቺ ላይ ጉድለት የለም፤ መድኃኒቱ ነው ያልተስማማሽ።

ታዲያ ምን ትበዪ? ቃሉ ከልጅነትሽ ጀምሮ አፍሽ ላይ ያለ ነው። መንገድ ላይ የማታውቂው ሰው ሲደናቀፍ ምን ትያለሽ? «እኔን!» ትያለሽ። ሳታስቢው ነው የሚያመልጥሽ። ሰውየው ይገባው አይገባው አታጣሪም። ጎበዝ ይሁን ሰነፍ አትጠይቂም። ስለተደናቀፈ ብቻ «እኔን! አይዞህ!» ይባላል። አንቺ ስትደናቀፊ ግን ለራስሽ «ደንባራ» ነው የምትይው። ለመንገደኛ የማትነፍጊውን ቃል ለራስሽ ትነፍጊያለሽ።

«አይዞሽ» ማለት ውሸት የለበትም። ቆንጆ ነሽ አይልም፤ አልተሳሳትሽም አይልም። ወድቀሽም ቢሆን ብቻሽን አይደለሽም ነው የሚለው። ስለዚህ ልብሽ ውስጥ ያለው ተከራካሪ የሚይዘው ነገር ያጣል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለራስ መራራትን ስታጠና ሦስት ነገሮችን ትጠቅሳለች። ለራስ በደግነት መናገር አንዱ ነው። መሳሳትና መቸገር የሰው ሁሉ ዕጣ መሆኑን ማስታወስ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ስሜቱን ሳያጋንኑም ሳይደብቁም እንዳለ ማየት ነው። በእኛ አፍ ሲነገር የመጀመሪያው «አይዞሽ» ነው። ሁለተኛው «በሰው የደረሰ ነው» ነው። ሦስተኛው «አዎ፣ ከፍቶኛል» ይሆናል።

የሚከብደን ሦስተኛው ነው። እንደምን ነሽ ስንባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ምስጋናው መልካም ነው፣ አትተዪው። ግን በቀን አንዴ ለራስሽ እውነቱን ንገሪ። ዛሬ ደክሞኛል። ዛሬ ጥርሴን አሞኛል። ዛሬ አለቃዬ የተናገረኝ ነገር ገብቶብኛል። ይኸው ነው። ሕመሟን ለራሷ ሳትነግር ሐኪም ዘንድ የምትደርስ ሴት የለችም።

እናትሽ ትዕቢት ስላሉት ጉዳይ፣ እሳቸውን ለመቃወም አልቸኩልም። ትዕቢት ሲሉ «ከሰው እበልጣለሁ» የሚለውን ነው፤ እሱን መፍራታቸው ልክ ነው። እኔ የምነግርሽ ግን ከወንድምሽ እኩል ሰው መሆንሽን ነው። እሱ ሲታመም ይታከማል፣ አንቺም ስትታመሚ ትታከሚያለሽ። ይህን በእርጋታ ብታስረጃቸው የሚቃወሙሽ አይመስለኝም። ምናልባት እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚበሉት ሌላው ከበላ በኋላ ይሆናል። አንቺም ከእሳቸው አይተሽ የለመድሽው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከልማዶቹ ሁሉ መጀመሪያ የምመክርሽ ገበታውን ነው። ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚመጣ ነገር ነው። በየቀኑ ቆመሽ የተረፈውን ስትበዪ፣ ያለ ቃል ለራስሽ አንድ ነገር እየነገርሽ ነው። ዛሬ ማታ እራት ሲቀርብ ቁጭ በዪ። እናትሽንም አስቀምጪ። ወጡን ማንም ይጨምር፣ ውኃውን ታናናሾችሽ ያምጡ፤ እጅ አላቸው። መጀመሪያ ቀን ይጨንቅሻል። መነሳት መነሳት ይልሻል። ጭንቀቱ ስህተት እየሠራሽ ነው ማለት አይደለም፤ አዲስ ስለሆነ ነው። በቤታችን ለምንወደው ሰው እናጎርሳለን። አንቺን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ያጎረሰሽ መቼ ነበር? ቁጭ ካላልሽ ሰውም ሊያጎርስሽ አይመቸውም።

ሁለተኛው የሌሊቱ ስድብ ነው። አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ። መዝገብ ላይ ስህተት ስታገኚ መዝገቡን ቀደሽ ትጥያለሽ? አትጥይም። ስህተቱ የት እንደሆነ ትለያለሽ፣ ማስተካከያ ትሠሪለታለሽ፣ ትዘጊዋለሽ። ከመተኛትሽ በፊት በደብተር ላይ ሁለት መስመር ጻፊ። አንደኛው፣ ምን ሆነ። ሁለተኛው፣ ነገ ምን አደርጋለሁ። ለምሳሌ «የአንዱን ደረሰኝ ቁጥር አሳስቻለሁ። ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አስተካክዬ ለኃላፊዬ እነግራለሁ።» ከዚያ ደብተሩን ዝጊና ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ሌሊት ስድቡ ሲመጣ «ተመዝግቧል» በዪው።

ካልተወሽ ደግሞ ራስሽን በስምሽ አናግሪ። ኢታን ክሮስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ጥናት፣ በጭንቅ ሰዓት «እኔ» ከማለት ይልቅ ራሳቸውን በስማቸው እየጠሩ የሚያስቡ ሰዎች የተሻለ ይረጋጋሉ። እኛ ደግሞ ቁልምጫ አለን። እናትሽ ደስ ሲላቸው የሚጠሩሽ ስም አለ አይደል? በእሱ ጥሪው። በቁልምጫ ስም ጠርቶ መሳደብ ለአፍ አይመችም። ከሰዓት በኋላ የምትጠጪውን ቡናም ቀንሺ። ካፌይን በግማሽ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ያልተኛ አእምሮ በራሱ ላይ ጨካኝ ነው።

ምስጋና ሲሰጥሽ «አመሰግናለሁ» በዪና ዝም በዪ። ሌላ ምንም አትጨምሪ። እግር ማፍታታትም አትርሺ፤ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ብትወርጂ ይበቃል። ከወር ደመወዝሽ ደግሞ ትንሽም ብትሆን በስምሽ ለሕክምናሽ አስቀምጪ። እቁብ ካለሽ አንዱን ዙር ለዚህ መድቢው። የቤቱን ወጪ እንደምትጽፊ እሱንም እንደ ወጪ ጻፊው፤ ሲተርፍ የሚታይ አይሁን።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት አትጀምሪ። ገበታውን ብቻ ጀምሪ። ልማድ የሚጸናው ቀድሞ ካለ ነገር ጋር ሲታሰር ነው፤ እራት ደግሞ በየቀኑ አለ። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን አዲስ ልማድ ሲጀምሩ ተከታትለው ነበር። ልማዱ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነው። አንዳንዱን 18 ቀን፣ አንዳንዱን ደግሞ 254 ቀን እንደሚወስድ ገምተዋል። በሦስት ቀን ካልሆነልሽ አትገረሚ። ከዚያ ጥናት እኔ አብዝቼ የምወደው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። አንድ ቀን ቆመሽ ከበላሽ በማግስቱ ቁጭ በዪ፣ በቃ።

አሁን በጥሞና ስሚኝ። የምነግርሽ ልማድ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ቀኑን አብዛኛውን የሚከፋሽ ከሆነ፣ ድሮ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ እንቅልፍሽና የምግብ ፍላጎትሽ ከተለወጠ፣ ከአልጋ መነሳት ተራራ ከሆነብሽ፣ ይህ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል። ድብርት ራስን መጥላትን ከምልክቶቹ አንዱ አድርጎ ይዞ ይመጣል። ይታከማል። በንግግር ሕክምና ወይም በመድኃኒት፣ አንዳንዴም በሁለቱም። መድኃኒቱ ለውጡ እስኪታይ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል፤ በሁለተኛው ቀን አልሠራም ብለሽ አታቋርጪው። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ድካምና መከፋትን ያመጣሉ፤ ስለዚህ የደም ምርመራ ይታዘዝልሽ።

«አማኑኤል ሄደች» እንዳይሉኝ ብለሽ እንዳትሸሺ እለምንሻለሁ። ብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አማኑኤልም ቢሆን ሆስፒታል ነው፤ ሰው ታክሞ ወደ ቤቱ የሚመለስበት። ጠበል የምትሄጂ ከሆነ ሂጂ፣ መድኃኒትሽን ግን ይዘሽ ሂጂ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ለእናትሽ ወይም ለጓደኛሽ ንገሪ፤ ብቻሽን አትሁኚ፤ በአቅራቢያሽ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱሽ።

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ስልክሽን አንሺና ለጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ያዢ። የምትወስጂውን ማስታገሻ ማሸጊያውን ይዘሽ ሂጂ፤ ምን ያህል ጊዜ እንደወሰድሽው ሳትደብቂ ንገሪ። ለብቻሽም አትሂጂ። ወንድምሽ አብሮሽ ይሂድ። ወረፋውን እሱ ይያዝልሽ፤ አንቺ ቁጭ በዪ።