ሜካኒካል ዲዛይን ለምትማሩ ልጆች፣ ስለ ኮርስ ነገር

ከፖሊ ግቢ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ግቢ) እየመጣችሁ የምትጠይቁኝ ሁሌ አንድ ነው፣ የትኛው ኮርስ ይቀላል፣ የትኛው ኢሌክቲቭ ጂፒኤ ያነሳል፣ የትኛው አስተማሪ ግሬድ ላይ አይጨክንም ምናምን። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የተሰበረ የማሽን ዕቃ እየለካሁ፣ እየሳልኩና እያሠራሁ ስለሆነ የምመልስላችሁም ከዛው ወገን ነው፣ ግሬዱን እናንተ ታውቃላችሁ።

በኔ እምነት የኮርስ እቅድ ከፍሬሽ ጀምሮ ወደ ላይ አይወጣም፣ ከመጨረሻው ፕሮጀክት ተነስቶ ወደ ታች ነው የሚወርደው። እስቲ አንድ ማሽን አስቡ። ጣና ዳር ናችሁና እምቦጭ ማውጫ ይሁን፣ አረሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ማሽን ልሥራለት ብሎ የተነሳው ሰው ብዙ ነው። እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፣ ስለዚ ማሽናችሁ ቀኑን ሙሉ የሚያነሳው ባብዛኛው ውሃ ነው ማለት ነው፣ እና አረሙን ተሸክሞ የሚያወጣውን ኮንቬየር የሚያዞረው ሻፍት (ዘንግ) ስንት ሚሊ ይሁን? ይሄን ለመመለስ ማሽን ኤለመንት (የማሽን ክፍሎች ስሌት) ማወቅ አለባችሁ፣ ማሽን ኤለመንት ያለ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ (ዕቃው ጭነት ሲያርፍበት ምን ያህል ይችላል የሚለው) አይገባም፣ ስትሬንግዝ ያለ ስታቲክስ (በቆመ ነገር ላይ ያሉ ኃይሎች ሚዛን) አይገባም፣ ስታቲክስ ደሞ ቬክተርና ካልኩለስ ይፈልጋል። የዲግሪያችሁ አከርካሪ ይሄ ነው፣ የቀረው ጎድን ነው።

ለዚህ ነው ስታቲክስ ላይ ቀልድ የለም የምለው። ብዙ ቦታ ኮርሱ በአመት አንዴ ነው የሚከፈተው፣ የወደቀ ልጅ እሱን ሲጠብቅ ከላይ ያሉት በሙሉ በፕሪሪኩዚት ይዘጉበታል፣ ባቹ ጥሎት ይሄዳል። ቸክሎ ያለፈውም ቢሆን ፍሪ ቦዲ ዲያግራም (አንዱን ዕቃ ለብቻው ነጥሎ የሚያርፉበትን ኃይሎች የሚያሳይ ሥዕል) መሳል ካልቻለ ሶስተኛ አመት ላይ ይያዛል። የጋራ ኮርስ ላይ አንድ ሲ ብታመጡ ግን ማንም አይሞትም፣ ያን ሰዓት እዚህ አውሉት።

ስትሬንግዝ ላይ ቀመሩን ከመሸምደዳችሁ በፊት ምን እያለ እንደሆነ ስሙት። ድፍን ሻፍት መጠምዘዝን የመቋቋም አቅሙ የሚያድገው በዲያሜትሩ ኪዩብ ነው፣ 20 ሚሊውን 25 ብታደርጉት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ባለኳስ ኩሽኔታ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ጭነቱን እጥፍ ካደረጋችሁበት ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ይሄ የገባው ልጅ "ለምንድነው በየጊዜው ኩሽኔታ የምንገዛው" ብሎ የሚማረር ወፍጮ ቤት ቢገባ የሚናገረው ነገር አለው።

ድሮዊንግን የፍሬሽ ኮርስ ነው ብላችሁ አትለፉት። ሶሊድወርክስ ክረምት ላይ ዩቲዩብም ያስተምራችኋል፣ ቶለራንስ (ዕቃው ከተጻፈው ልክ ምን ያህል ቢበልጥ ወይ ቢያንስ ይፈቀዳል የሚለው) ግን ሶፍትዌሩ አያስብላችሁም። ሻፍት 20 ሚሊ ብላችሁ ጽፋችሁ ቶርኖ ቤት ብትሄዱ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "ጠብቆ ይግባ ወይስ ይንሸራተት?" ነው። ኤች7 በ ጂ6 (የቀዳዳውና የሻፍቱ ቶለራንስ ምልክት) ብላችሁ ብትጽፉለት መልሱ ተሰጠ፣ ቀዳዳው ከ20 ሚሊ ቢበዛ በ21 ማይክሮን ይሰፋል፣ ሻፍቱ ከ7 እስከ 20 ማይክሮን ይቀጥናል፣ ስለዚ መቼም ቢሆን ክፍተት አለ፣ ይንሸራተታል። ሁሉም ቦታ ላይ ጠባብ ቶለራንስ የሚደረድር ዲዛይነር ደሞ አለ፣ እሱ የሰው ብር ነው የሚያቃጥለው።

ወርክሾፕና ማኑፋክቸሪንግ ከማሽን ኤለመንት በፊት ወይ ጎን ለጎን ይሁኑላችሁ፣ ለግሬድ መሙያ አይደሉም። ሻፍት ትከሻ (ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚለወጥበት ቦታ) ላይ ስል ማዕዘን የሚስል ልጅ ሳይ የቶርኖ መቁረጫ ጫፍ በቅርብ አይቶ እንደማያውቅ ይገባኛል፣ ጫፉ ራሱ ትንሽ ክብ ነው እኮ። ደሞ ያ ስል ቦታ ስትሬስ (ብረቱ ውስጥ ያለው ጫና) የሚሰበሰብበት ነው፣ ስንጥቁ ከዛ ይጀምርና እየዞረ እየዞረ አንድ ቀን ድንገት ይቆረጣል። የተሰበረ ሻፍት ሲመጣልኝ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዛው ትከሻው ጋ ነው፣ ከዛ ኪይዌዩ (ቁልፍ የሚገባበት ቦይ) ጋ።

ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ የምትማሩ ደሞ ወደ ተግባር ስለሚያደላ ዝቅ ያለ ነው የሚሏችሁን አትስሙ። ፖሊ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ህብረት ድጋፍ ሲከፈት ብረታ ብረት፣ ጨርቃጨርቅ፣ የእርሻ መካኒክ እያለ ቴክኒሽያን ሊያወጣ ነው። ግን ውጭ ሄጄ ማስተርስ በኢንጂነሪንግ እማራለሁ የሚል ካለ ልዩነቱን ይወቅ፣ አሜሪካ ውስጥ እውቅና የሚሰጠው ድርጅት (ስሙ አቤት ነው፣ አትሳቁ) ሁለቱን በተለያየ ኮሚሽን ነው የሚገመግማቸው፣ ስለዚ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽንና ሊኒየር አልጀብራ ከአሁኑ ጨምሩ።

እዚህ አገር ካሪኩለሙ ባብዛኛው ተቆርጦ ነው የሚሰጣችሁ፣ አውቃለሁ። በእጃችሁ የሚቀረው ኢሌክቲቭ፣ ኢንተርንሺፕና ፕሮጀክት ነው። ከኢሌክቲቭ ፋይናይት ኤለመንት (ዕቃውን በኮምፒውተር ከፋፍሎ ስትሬሱን በቀለም የሚያሳይ ስሌት) ጥሩ ነው፣ ግን በእጁ ግምት ማውጣት የማይችል ልጅ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው የሚያትመው፣ ትክክል ይሁን አይሁን በምን ያውቃል? የኤሌክትሪክ ሞተርና ኮንትሮል ነገር ካገኛችሁ ያዙ፣ ዛሬ ሞተር የሌለው ማሽን የለም። ከባድ ከባዱን አንድ ሴሚስተር ላይ አትከምሩ፣ ይሄ ግልጽ ነው አልሄድበትም። የስታቲክስና የስትሬንግዝ ደብተራችሁን ለታናናሾቻችሁ አትስጡ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም አለባችሁ።

ኢንተርንሺፕ ላይ ትልቅ ስም አትፈልጉ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ወረቀት ታስፈርማላችሁ። ዕቃ የሚሰበርበት ቦታ ሂዱ፣ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጀልባ የሚጠገንበት የሐይቁ ዳርቻ፣ ጋራዥም ቢሆን። የፕሮጀክት ርዕሳችሁን ደሞ ከመውጣታችሁ በፊት ያዙ፣ እዛ ስትደርሱ ምን እንደምትለኩ ታውቃላችሁ። ካሊፐር ይዛችሁ ግቡ፣ በእጃችሁ ስኬች አድርጉ፣ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ ገልብጡ። 5.5 ኪሎዋት፣ 1440 ዙር በደቂቃ የሚል ካገኛችሁ 9550ን በኪሎዋቱ አባዝታችሁ ለዙሩ አካፍሉት፣ 36 ኒውተን ሜትር ከምናምን ቶርክ (የመጠምዘዝ ጉልበት) ይመጣል፣ መቀነሻ ጊርቦክስ ካለው ቶርኩ ከሱ ወዲያ ያድጋል፣ ያን ቁጥር ይዛችሁ ስትመለሱ ሻፍቱን ማስላት ጀምሩ።