ጥያቄና መልስ፦ «በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ» ብዬ ቀረሁ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሄደን ስናገለግል ዋልን። ጥፍራቸውን የቆረጥሁላቸው አንዲት እናት ስንሰናበት እጄን አልለቅ ብለው «መቼ ትመጫለሽ?» ሲሉኝ «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኋቸው፤ እስከ ዛሬ ግን አልሄድሁም። የዚያን ቀን አገልግሎቴ ከንቱ ሆነ ማለት ነው?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ከንቱስ አልሆነም። ሐዋርያው እግዚአብሔር ያደረጋችሁትን ሥራና ለስሙ ያሳያችሁትን ፍቅር ይረሳ ዘንድ ዓመፀኛ አይደለም ይላልና (ዕብ. 6፥10)። ለእኒያ እናት የሰጠሽው ቃልም ስእለት አይደለም፤ ስእለት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነውና፣ ስለ ስእለት የተጻፈውን በራስሽ ላይ እየጠቀስሽ አትሸበሪ። ይሁን እንጂ ጌታችን «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» (ማቴ. 5፥37) ሲል፣ በር ላይ ቆመን ለመሰናበቻ ያህል የምንናገረውንም ቃል ይመለከታል፤ እኛ እንደ ሰላምታ ጥለነው የምንሄደውን እርሳቸው ቀን እየቆጠሩ ጠብቀውት ይሆናልና።

በቋንቋችን «መጠየቅ» ሁለት ፍቺ እንዳለው ልብ በይ፤ እኒያ እናት የጠየቁሽ እንድትጠይቂያቸው ነው። ጌታችን በማቴዎስ 25 ላይ «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» አለ እንጂ «ፈውሳችሁኛልና» አላለም፤ ስለ እስራቱም ሲናገር ወደ እርሱ መምጣታቸውን ቆጠረላቸው እንጂ «አስፈትታችሁኛልና» አላለም። ሐዋርያው ያዕቆብም ንጹሕ አምልኮ ወላጆች የሌላቸውን ልጆችና ባልቴቶችን በመከራቸው መጠየቅ ነው ይላል (ያዕ. 1፥27)። በተማሪዎች ጉዞ ላይ ግን አብዛኛው ድካማችን መኪና ለመከራየት፣ ገንዘብ ለማሰባሰብና ልብስና ሳሙና ለመግዛት ይውላል፤ ይህ ሁሉ መልካም ቢሆንም፣ እጅሽን የያዙት እናት ግን ሳሙና አልጠየቁሽም።

እንደማስበው ያስቀረሽ ስንፍና ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልፍ አፈርሽ፣ ወሩ ሲያልፍ ደግሞ «አሁንማ በምን ፊቴ?» አልሽ። ጌታችን አባታቸው ወደ ወይኑ ቦታ ሄደው እንዲሠሩ ስላዘዛቸው ሁለት ልጆች የተናገረውን አስቢ (ማቴ. 21፥28-31)፦ አንዱ «አልወድም» ካለ በኋላ ተጸጽቶ ሄደ፤ ሌላው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ቀረ። የአባቱን ፈቃድ ያደረገው ዘግይቶም ቢሆን የሄደው ነው።

ስለዚህ ነገሩን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ከዚያም ቡድን እስኪሰበሰብ ሳትጠብቂ፣ ከመጦሪያው ኃላፊዎች የመጠየቂያውን ሰዓት አጣርተሽ ሂጂ። እኒያ እናት ዐርፈው ብታገኚ በጸሎት አስቢያቸው፤ ከአጠገባቸው ያሉትንም ሳትጠይቂ አትመለሺ። በሕይወት ካሉ ግን ምክንያት አትደርድሪ፣ ይቅርታ ጠይቂያቸው። ምናልባት አያስታውሱሽ ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ ስምሽን እንደ አዲስ ንገሪያቸውና አጠገባቸው ቁጭ በይ። ስትነሺም ዳግመኛ «መቼ ትመጫለሽ?» ቢሉሽ፣ በእርግጥ የምትችዪውን ቀን ብቻ ንገሪያቸው።