ኦር ሲገባ ኢንዴክሱ የት ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ለአንድ የግል ክሊኒክ የታካሚ መዝገብ ሶፍትዌር ሠርቼ አሁንም እኔው ነኝ የምከታተለው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ መፈለጊያው ላይ ወይ የካርድ ቁጥር ወይ ስልክ ትጽፋለች፤ ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚላከው ጥያቄ) ደግሞ «ካርድ ቁጥሩ ይሄ ከሆነ ኦር (ወይም) ስልኩ ይሄ ከሆነ አምጣ» ይላል። በካርድ ቁጥር ብቻ ስፈልግ ወዲያው ይመጣል። ኦር ስጨምርበት ግን ሰው ተሰልፎ እያየን ይንቀራፈፋል። ኢንዴክስ (ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ የተደረደረ ማውጫ) አልሠራህም እንዳትሉኝ፣ ካርድ ቁጥርና ስልክን አንድ ላይ አድርጌ ሠርቼለታለሁ። ጓደኛዬ «ኦር ኢንዴክስ ይገድላል፣ በዩኒየን ቀይረው» አለኝ፣ ለሁለት ኩዌሪ ከፍለህ ውጤታቸውን አዋህድ ማለቱ ነው። እውነቱን ነው?
አንባቢያችሁ ከሐዋሳ

መልስ፦ ጓደኛህ አልዋሸም፣ ምክሩ ግን አርጅቷል። ማይኤስኪውኤል የተባለው ሌላ ዳታቤዝ ከ5.0 ስሪቱ በፊት በአንድ ኩዌሪ ከአንድ ቴብል (ሠንጠረዥ) ላይ ከአንድ በላይ ኢንዴክስ አይጠቀምም ነበር፤ ስለዚህ በሁለት ኮለም (ዓምድ) መካከል ኦር ሲያይ እጁን ይሰጥ ነበር። በ5.0 ኢንዴክሶችን ማዋሃድ ጀመረ፣ ፖስትግሬስም በ8.1 የራሱን መንገድ ይዞ መጣ። ሁለቱም በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ሃያ ዓመት አለፈው ማለት ነው፣ ምክሩ ግን ዛሬም ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል።

ያንተ ችግር «አንድ ላይ አድርጌ» ያልካት ላይ ናት።

የድሮውን የስልክ ማውጫ አስታውስ። የተደረደረው በስም ነው፣ ስም ሲመሳሰል ደግሞ በአባት ስም። አበበ ከበደን ፈልግ ብትባል ቶሎ ታገኘዋለህ። የአባቱ ስም ከበደ የሆነውን ሁሉ አምጣ ብትባል ግን ከሀ እስከ ፐ ማገላበጥ ነው፣ ከበደዎቹ በየገጹ ተበትነዋላ። ያንተም ኢንዴክስ እንደዚያ ነው። በካርድ ቁጥር ተደርድሯል፣ ስልኩ ከኋላ የተለጠፈ ነው። ሁለቱንም በኤንድ (እና) ብትጠይቀው ግሩም ይሠራ ነበር። በኦር ስትጠይቀው ግን የስልኩ ወገን ብቻውን የሚገባበት በር የለውም።

ብዙ ሰው የማይገባው ቀጥሎ ያለው ነው። «እሺ፣ ስልኩ ኢንዴክስ አጣ እንበል፣ ካርድ ቁጥሩ ለምን በኢንዴክሱ አይፈለግም?» ይላሉ። ኦፕቲማይዘሩን፣ ማለትም በየት በኩል ቢፈለግ እንደሚቀል የሚወስነውን የዳታቤዙን ክፍል፣ ሆነህ አስበው። ስልኩን ለማግኘት ቴብሉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብህ ካልቀረ፣ እግረ መንገድህን እያንዳንዱን ረድፍ «ካርድ ቁጥርህስ?» ብለህ ታልፋለህ። ለዚያ ብለህ ኢንዴክስ መክፈት ትርፍ ድካም ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ይተዋቸዋል። ኦር ውስጥ አንዱ ወገን ኢንዴክስ ካጣ የሌሎቹም ኢንዴክስ ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለስልክ የራሱን ኢንዴክስ ሥራለት። ከዚያ ኤክስፕሌን (ዳታቤዙ ኩዌሪውን በምን መንገድ እንደሚሠራው የሚያሳይ ትእዛዝ) ብለህ እየው። ላይ «ቢትማፕ ሂፕ ስካን»፣ ከሥሩ «ቢትማፕ ኦር»፣ ከእሱ ሥር ሁለት «ቢትማፕ ኢንዴክስ ስካን» ካየህ ሠርቷል። ፖስትግሬስ እዚያ ጋ የሚያደርገው ነገር ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ከአንዱ ኢንዴክስ የሚፈለጉት ረድፎች የት የት እንዳሉ ምልክት ያደርጋል፣ ከሌላውም እንዲሁ፣ ከዚያ ሁለቱን የምልክት ወረቀቶች ይደራርባቸዋል። በካርዱም በስልኩም የተገኘ ታካሚ ሁለት ጊዜ ምልክት ቢደረግበትም ያው አንድ ምልክት ነው፣ ስለዚህ አይደገምም። በመጨረሻ ወደ ቴብሉ ሄዶ ምልክት ያለባቸውን ባለ 8 ኪሎባይት ገጾች ብቻ በቅደም ተከተላቸው ያነባል፣ ወዲያ ወዲህ አይዘልም። የተገኘው በጣም ብዙ ሆኖ ከተፈቀደለት ሚሞሪ ካለፈ፣ ሲጫን የሚሰጠው 4 ሜጋባይት ነው፣ ረድፉን ትቶ ገጹን ብቻ ይይዝና ገጹ ውስጥ ሲገባ እንደገና ያጣራል። ኤክስፕሌን ላይ «ሪቼክ» የምትል ቃል የምታየው ለዚህ ነው።

ማይኤስኪውኤል ላይ «ኢንዴክስ መርጅ»፣ ኤስኪውላይት ላይ «መልቲ ኢንዴክስ ኦር» የሚል ታያለህ። ሐሳቡ ይቀራረባል።

ስለ ስልክ ካነሳን አይቀር፣ እኔም አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁ። አንድ ድርጅት ውስጥ ስልኩ አንዱ ጋ በ09፣ ሌላው ጋ በ2519፣ ሌላው ጋ ከፊቱ የመደመር ምልክት ተጨምሮበት ተመዝግቧል። ሦስቱንም በኦር ደረደርኳቸው። አንድ ኮለም ላይ ስለሆኑ ምንም አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን በ«ኢን» ብትጽፈው ያው ነው፣ ፖስትግሬስ 18 ደግሞ ራሱ ይቀይርልሃል። ኋላ ግን «ለማንኛውም» ብዬ አራተኛ ጨመርኩ፦ መጨረሻው በእነዚህ ዘጠኝ አኃዞች የሚያልቅ፣ ፊቱ ግን ምንም ይሁን ምን። ተራ ኢንዴክስ የሚነበበው ከፊት ነው፣ በጅራት አይያዝም። ያቺ አንዲት ጭማሪ ሦስቱን ይዛ ገደል ገባች። ስልኩን ገና ሲመዘገብ አንድ ዓይነት አድርጎ ማስገባት እንደነበረብኝ የገባኝ ያኔ ነው።

ኢንዴክሶቹ ሁሉ እያሉም ኦፕቲማይዘሩ እምቢ ሊል ይችላል። «ካርድ ቁጥሩ ይሄ ኦር ጾታው ሴት» ብትለው ግማሹን ቴብል እየጠየቅከው ነው፣ ሙሉውን ማንበቡ ያዋጣዋል። ፖስትግሬስ ሲጫን ከዲስክ ተበታትኖ የሚነበብ ገጽ ወጪው 4፣ በተራ የሚነበብ ወጪው 1 ተብሎ ነው የሚሰላለት። አትጣላው፣ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ስሌቱ የተሳሳተ ከመሰለህ መጀመሪያ አናላይዝ አስደርግና ስታቲስቲክሱን አድስለት።

ዩኒየን ላይ ከመዝለልህ በፊት ደግሞ አንድ ወጥመድ ልንገርህ። ዩኒየን ተመሳሳይ ረድፎችን ያጠፋል፣ የሚያወዳድረው ግን አንተ የመረጥካቸውን ኮለሞች ብቻ ነው። ቀንና የብር መጠን ብቻ ይዞ የወጣ የክፍያ ሪፖርት አይቻለሁ። በአንድ ቀን ሁለት ሰው 500 500 ብር ከፍሏል፤ ሁለቱ ረድፎች ተዋሕደው አንድ ሆኑ፣ ገንዘብ ያዡም ድምሩ አልገጥም አለው። ኦር እንዲህ አያደርግም። ዩኒየን ኦል ብትል ደግሞ በሁለቱም ወገን የተገኘው ይደገማል። የግድ ዩኒየን ከሆነ ፕራይመሪ ኪውን (እያንዳንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለየውን ኮለም) አብረህ ምረጥ።

ጥያቄ፦ የእኔ ኦር በሁለት ቴብሎች መካከል ነው። ደንበኞችንና ትዕዛዞችን በጆይን አገናኝቼ «የደንበኛው ስልክ ይሄ ኦር የትዕዛዙ ቁጥር ይሄ» እላለሁ። ሁለቱም ኮለሞች ኢንዴክስ አላቸው፣ ግን ሁሌም ሙሉውን ነው የሚያነበው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ከላይ ያልኩት ምልክት መደራረብ የሚሠራው አንድ ቴብል ውስጥ ነው። አንቺ ጋ ከደንበኞች ቴብል ብቻ ተነስቶ ማንንም መጣል አይቻልም፣ ስልኩ ያልገጠመው ደንበኛ በትዕዛዙ በኩል ሊገባ ይችላልና። ከትዕዛዞችም በኩል እንደዚያው። ስለዚህ ዳታቤዙ መጀመሪያ ሁሉንም አገናኝቶ ኋላ ያጣራል፣ ጊዜው የሚበላውም እዚያ ነው። እዚህ ጋ የዚያኛው ጠያቂ ጓደኛ ልክ ነው፣ ለሁለት ክፈይው፦ አንዱ በስልክ ጀምሮ ወደ ትዕዛዞች የሚሄድ፣ ሌላው በትዕዛዝ ቁጥር ጀምሮ ወደ ደንበኛው የሚመለስ፣ መሃላቸው ዩኒየን። የትዕዛዙን ቁጥር ከምትመርጫቸው ኮለሞች እንዳታወጪ። ትዕዛዞች ቴብል ላይ ያለው ከደንበኛው ጋር የሚያገናኘው ኮለምም ኢንዴክስ እንዳለው እዪ፣ እሱ ከሌለ የመጀመሪያው ግማሽ ያው እንደ ድሮው ይንቀራፈፋል።