ፐርሴየስን ለመተረክ ለምትነሡ

ልጆቼ፣

የግሪኩን ጀግና የፐርሴየስን አፈ ታሪክ ስትተርኩ፣ ያያትን ሁሉ ድንጋይ ወደምታደርገው ወደ ሜዱሳ አንገት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዕቃዎቹን ቁጠሩ፦ ማጭድ፣ የነሐስ ጋሻ፣ ክንፋም ጫማ፣ የሚሰውር ቆብ፣ ከረጢት። ዕቃው የሚፈታውን ችግር ቀድማችሁ ካልነገራችሁ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ብዙ ተራኪ የሚሳሳተው በቆቡ ነው፤ ጀግናው ተሰውሮ እንዲጠጋበት ያደርጋል። በጥንቱ ትረካ ግን ጎርጎኖቹ፣ ማለትም ሜዱሳና ሁለት እህቶቿ፣ ተኝተው ነበር፤ ለመጠጋት መሰወር አላስፈለገም። ከሦስቱ እህትማማቾች ሟች ሜዱሳ ብቻ ናት፤ ስቴኖና ዩሪያሌ አይሞቱም። እንግዲህ ጭንቁ ያለው ራሷ ከተቆረጠ በኋላ፣ ሁለቱ ነቅተው ሲያሳድዱት ነው። ቆቡ ለማምለጫ ነው። ከረጢቱም ያስፈለገው ራሷ ተቆርጦም ያየውን ሁሉ ድንጋይ ስለሚያደርግ ነው።

ፐርሴየስ ሜዱሳን በቀጥታ ሳያይ፣ በጋሻው ላይ ምስሏን እያየ ነው የቆረጣት፤ ይህን ደግሞ ራሳችሁ ሞክሩት። በመስታወት እያያችሁ የማጅራታችሁን ጸጉር በመቀስ ቁረጡ፤ እጃችሁ ወዲያ ሲባል ወዲህ ይሄዳል። በጥንቱ ጸሐፊ በአፖሎዶሮስ ትረካ እንስት አምላኳ አቴና እጁን ይዛ የመራችው ለዚህ ይመስለኛል። ይህን አትዝለሉ።

ፐርሴየስን ፔጋሰስ ላይም አታስቀምጡት። ክንፋሙ ፈረስ የወጣው ከሜዱሳ አንገት ነው፤ ጋልቦ ኪሜራ የተባለውን ጭራቅ የገደለበት ሌላው ጀግና ቤሌሮፎን ነው። ክራከን የሚሉት የባሕር አውሬም የሰሜን ባሕር ተረት እንጂ የግሪክ አይደለም።

አሁን ወደሚያጓጓን እንምጣ። ዓለት ላይ ታስራ ሳለ ፐርሴየስ ከባሕር አውሬ ያዳናት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌዎስና የካሲዮፔያ ልጅ ናት። ግሪኮች ግን በዚያ ስም የሚጠሩት ከግብፅ ወዲያ ያለውን የጥቁሮች አገር በጠቅላላው ነበር። ሌሎች ተራኪዎች የታሰረችበትን ዓለት ኢዮጴ ያደርጉታል፤ ዮናስ መርከብ የተሳፈረባት ወደብ ማለት ነው። ስለዚህ «የአክሱም ልዕልት» ብላችሁ አትጻፉ፤ አክሱም መንግሥት ከመሆኑ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ግሪኮች ይተርኩላት ነበር።

ቤተሰቡ በሙሉ በኮከብ ስብስቦች ስም ሰማይ ላይ አለ። የሜዱሳ ራስ አልጎል የሚባለው ኮከብ ነው፤ ስሙ ከዐረብኛ «የጋኔን ራስ» ማለት ነው። በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ይደበዝዛል፤ ብርሃኑ ወደ ሲሶ ይወርዳል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 10 ሰዓት ያህል ይወስዳል። በ1783 እ.ኤ.አ. ጆን ጉድሪክ የተባለ መስማት የተሳነው የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ጊዜውን ለክቶ፣ አንድ አካል ከፊቱ ሲያልፍ ይሆናል አለ። ልክ ነበር፤ ደብዛዛ ጓደኛ ኮከብ አለው።

የፐርሴየስ ተወርዋሪ ኮከቦች የሚበዙት ነሐሴ 6 እና 7 ገደማ ስለሆነ ደመናው አያሳያችሁም። አልጎልን ግን ታኅሣሥ ላይ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ዙራችሁ ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ፈልጉት። በአንድሮሜዳ እግር ላይ ካለው አልማክ ጋር አስተያዩት። እኩል ከደመቁ ግርዶሽ የለም፤ በማግሥቱም፣ በሠልስቱም እንደገና ውጡ።